ስሟ ደብተሩ ላይ ሰፍሯል፤ መብቷስ ማሳው ላይ?

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል የአገሬው ሰው። አባባሉ መሬት ለአርሶ አደሩ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሚስትንና ርስትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለቱንም የወንዱ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው አድርጎ ይቆጥራል። ሚስት ራሷ ባለርስት ልትሆን እንደምትችል ግን አንድም ቃል አይናገርም።

በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መሬት ምዝገባ ይህን ቆየት ያለ አስተሳሰብ ፈትኖታል። ለአርሶ አደሮች በተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አንድ ላይ እንዲሰፍር ተደርጓል። በአንዳንድ አካባቢዎች ደብተሩ በአባወራው ስም ብቻ ይዘጋጅ በነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት «መሬቱ የእኔም ነው» ስትል የምታሳየው ወረቀት አግኝታለች።

የምዝገባው ሥራ ከተጀመረ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖታል። ደብተሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሷል ማለት ይቻላል። አሁን በመንገድ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ግን ከመጀመሪያው ይከብዳሉ። መሬት በውርስና በስጦታ ብቻ በሚገኝበት ዘመን ሴት ልጅ ድርሻዋን እንዴት ታገኛለች? በሽማግሌ የፈረሰ ትዳር ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል? መሬት ለብድር ዋስትና ሲያዝ የሚስት ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ከተማ ወደ ማሳው ሲጠጋ ካሳው በማን ስም ይከፈላል? በሴቶችና በወንዶች መካከል እኩልነትን ለማስፈን በሚደረገው ጥረት በገጠር የሚጠብቁን የሕግ ፈተናዎች በአብዛኛው በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው።

ከ«መሬት ላራሹ» እስከ ደብተሩ

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት መሬት እንደሚያገኝ ደንግጎ ነበር። በአፈጻጸም ግን የገበሬ ማኅበራት መዝገብ የተያዘው በቤተሰብ ኃላፊ ስም ነበር። የቤተሰብ ኃላፊ የሚባለው ደግሞ ባል ነው። ሚስት መሬት የምታገኘው በባሏ በኩል ሆነ። ትዳሩ ሲፈርስም ከመሬቱ ጋር ያላት ግንኙነት አብሮ የሚላላበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት «አራሽ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በክልላችን በብዙ አካባቢ ሞፈር መጨበጥ የወንድ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ሴቷ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ትሰበስባለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ ከብት ትጠብቃለች፤ ይሁን እንጂ «አራሽ» አትባልም። መሬት ላራሹ ሲባል ታዲያ በሕጉ ዓይን እሷም ውስጥ ነበረች፤ በመንደሩ ዓይን ግን አልነበረችም።

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ይህን በግልጽ ለማረም ሞክሯል። አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚታዩ ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ደግሞ ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ይህን ተከትሎ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ወጡ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 በግብርና መተዳደር የሚፈልጉ ሴቶች መሬት የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫም በሁለቱም ስም እንደሚዘጋጅ ደነገገ። ክልሉም በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133ን፣ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 252ን አወጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የፌዴራል አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ የ1997ቱን ተክቷል።

ሕጉ በወረቀት ደረጃ ሩቅ መንገድ ተጉዟል። ቀጣዩ ፈተና ሕጉ ባላሰባቸው፣ ወይም አስቦ በግማሽ በተዋቸው ቦታዎች ላይ ነው።

አከፋፋዩ መንግሥት ሲሆንና ቤተሰብ ሲሆን

በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በርካታ አካባቢዎች የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ መሬት ያከፋፈለው መንግሥታዊ አካል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሚከፋፈል ትርፍ መሬት የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የተወለደች ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አካባቢ ሆኗታል። እሷና ከእሷ በኋላ የተወለዱት መሬት የሚያገኙበት ዋናው በር ውርስና ስጦታ ሆኗል።

ይህ ለውጥ ለፆታ እኩልነት ትልቅ ትርጉም አለው። መንግሥት ሲያከፋፍል «ለሴቷም እኩል ስጥ» የሚል ሕግ ማውጣትና ማስፈጸም ይቻላል። ቤተሰብ ሲያከፋፍል ግን የሕግ እጅ ያጥራል። አባት በሕይወት እያለ ለወንድ ልጁ ጎጆ መውጫ ብሎ አንድ ጥማድ ቢሰጠው፣ ለሴት ልጁ ደግሞ ከብትና ልብስ ሰጥቶ ቢድራት ሕግ ጣሰ አይባልም። ስጦታው ለፆታ ደንታ በሌለው ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ውጤቱ ግን መሬቱ በወንዶች እጅ እንዲቀር ያደርጋል። ሠርጉ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ባሏ ቀበሌ ትሄዳለች። የአባቷ መሬት ከእሷ በአካል ይርቃል፤ የባሏ መሬት ደግሞ የእሷ አይደለም።

አባት ሲሞት ጉዳዩ ወደ ውርስ ይዞራል። በሕግ ፊት ወንድና ሴት ልጅ እኩል ወራሾች ናቸው። በተግባር ግን ብዙ ሴቶች «ወንድሜ ይረስበት፣ ምን ያጣላናል» ብለው ድርሻቸውን ሳይጠይቁ ይቆያሉ። ወንድም ለእህት መጠጊያ ነው። ባል ቢበድል፣ ችግር ቢመጣ የምትመለሰው ወደ እሱ ቤት ነው። መሬት በመጠየቅ ያንን መጠጊያ ማጣት አትፈልግም።

ችግሩ የሚገለጠው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ትዳሯ ፈርሶ፣ ልጆቿን ይዛ ስትመለስና ድርሻዋን ስትጠይቅ የይርጋ ጉዳይ ይነሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ ጥያቄው በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ዝምታዋ የወንድሟን ፍቅር ለመጠበቅ ነበር። ፍርድ ቤት ግን ዝምታን የሚቆጥረው በዓመት ነው። ይርጋ ለሁሉም እኩል የተጻፈ ሕግ ቢሆንም፣ ዝም እንዲሉ ባህል የሚያስገድዳቸው ሰዎች በብዛት ሴቶች ስለሆኑ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም።

ሦስቱ ጥማድ እንዴት ይካፈላል?

የፍቺን ጉዳይ በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ ቤተሰብ ሦስት ጥማድ መሬት አለው እንበል። አንድ ጥማድ በግምት የሄክታር ሩብ ነው። ሁለቱን ጥማድ ባል ከጋብቻ በፊት ከወላጆቹ ያገኘው ሲሆን ሦስተኛው በሁለቱም ስም በጋራ ተመዝግቧል። ባልና ሚስት አሥራ አምስት ዓመት አብረው ኖረው ይፋታሉ።

በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት የነበራቸው፣ ወይም በውርስና በስጦታ ያገኙት ንብረት የግላቸው ሆኖ ይቀራል። በጋብቻ ዘመን ያፈሩት የጋራ ነው። የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ደግሞ ማንኛውም ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ ባል ሁለቱ ጥማድ የግሉ መሆናቸውን ካስረዳ ሚስት የምትካፈለው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ድርሻዋም ግማሽ ጥማድ፣ ማለትም የሄክታር አንድ ስምንተኛ ይሆናል። አሥራ አምስት ዓመት ያረመችበት፣ ፍግ ያለበሰችበት፣ እርከን የሠራችበት ሁለት ጥማድ ከሒሳቡ ይወጣል።

ግማሿን ጥማድም ቢሆን በቀላሉ አታገኛትም። የመሬት ሕጎች መሬት እየተቆራረጠ ለእርሻ የማይሆን እንዳይሆን ዝቅተኛ የይዞታ መጠን ወስነዋል። የጋራው ይዞታ ሲካፈል ከዚህ መጠን በታች የሚወርድ ከሆነ በአካል መክፈል አይፈቀድም። ያኔ አንዱ መሬቱን ይዞ ለሌላው ግምቱን ቢከፍል ይሻላል ይባላል። ይሁን እንጂ መሬት ስለማይሸጥ የገበያ ዋጋ የለውም፤ ግምቱን ማውጣት ያከራክራል። የሚከፍለውም ሰው ጥሬ ገንዘብ የለውም። በልማድ መሬቱን ይዞ የሚቀር ቀድሞም እዚያው የነበረው፣ በሬና ሞፈር ያለው ባል ነው።

መሬት በየትውልዱ እያነሰ ሲሄድ ይህ ችግር እየሰፋ መምጣቱ አይቀርም። የአነስተኛ ይዞታ ጥበቃና የሴቶች የእኩል ድርሻ መብት ሁለቱም ተገቢ ዓላማዎች ናቸው። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው ይቅደም፣ ካሳውስ እንዴት ይሰላ የሚለውን ወደፊት የሚወጡ ደንቦችና መመሪያዎች በዝርዝር ካልመለሱት እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን መልስ ይሰጣል።

ሽማግሌ የፈታው፣ ሕግ ያላወቀው

ሌላው ፈተና የጋብቻና የፍቺ ማስረጃ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የተፈጸሙ ጋብቻዎችን እኩል ይቀበላል። ሁሉም እንዲመዘገቡም ያዛል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከተፈጸሙት የገጠር ጋብቻዎች አብዛኞቹ ምስክራቸው ሠርገኛው ነው።

ፍቺን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው። ከ1992 ዓ.ም. በፊት የቤተሰብ ሽማግሌዎች በፍቺ ላይ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። የተሻሻለው ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል። በገጠር ግን ትዳር ዛሬም በሽማግሌ ፊት ይፈርሳል። ከብት ይቆጠራል፣ እህል ይሰፈራል፣ ሴቷ ልብሷን ይዛ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። ባል ሌላ ያገባል። በሕግ ዓይን ግን የመጀመሪያው ጋብቻ አልፈረሰም።

ከዓመታት በኋላ ባል ቢሞት ወይም መሬቱ ለልማት ቢፈለግ ሁለት ሴቶች በአንድ ደብተር ላይ ይቆማሉ። አንደኛዋ ፎቶዋ ደብተሩ ላይ አለ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ መሬቱን አሥር ዓመት ያለማችው እሷ ናት። ቀደም ብለው የተለያዩና የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት በፍርድ ቤት ባይፋቱም ጋብቻቸው እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የወሰነባቸው መዛግብት አሉ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ሆኖም ትዳሩ መቼ ፈረሰ፣ የጋራ የሆነው ንብረት እስከ የትኛው ቀን የተፈራው ነው የሚለው በምስክር ቃል የሚወሰን ስለሆነ ክርክሩ ቀላል አይሆንም። በምስክር ክርክር ደግሞ ጎረቤቱና ዘመዱ በአካባቢው ያለው ወገን ይጠቀማል። ከሌላ ቀበሌ ተድራ የመጣች ሴት ምስክሮቿ በተወለደችበት ቀበሌ ያሉ ናቸው።

ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትም አሉ። የቤተሰብ ሕጉ ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው እንዲሆን ፈቅዷል። ከአንድ በላይ ሚስት በሚገባባቸው አካባቢዎች ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ ሁለተኛውን ጋብቻ ይከለክላል፤ የመሬት ምዝገባ ባለሙያ ግን ከፊቱ የቆሙትን ሁለት ሚስቶች መዝግብ ወይም አትመዝግብ የሚል ምርጫ ይገጥመዋል። አለመመዝገብ ሕጉን ያከብራል፤ ሁለተኛዋን ሴትና ልጆቿን ግን ባዶ እጃቸውን ያስቀራል።

ባል የሞተባትም ሴት ብትሆን ሁልጊዜ እንደምታስበው ዋስትና የላትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ በሚሞት ሰው ወራሾች ዝርዝር ውስጥ የትዳር ጓደኛን አያካትትም። ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች፤ የባሏን ድርሻ ልጆቹ ይወርሳሉ። የመሬት ሕጎች ይህን ክፍተት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖር የቤተሰብ አባል መሬቱን መውረስ እንዲችል በማድረግ ለማጥበብ ሞክረዋል። ልጅ ያልወለደች ወይም የባሏ ልጆች ከሌላ እናት የሆኑባት ሴት ግን ዛሬም በቀላሉ ለክርክር ትጋለጣለች።

መሬት ለብድር ሲያዝ

አዲሱ የፌዴራል አዋጅ አርሶ አደሮች በመሬት የመጠቀም መብታቸውን ለገንዘብ ተቋማት በዋስትና አስይዘው እንዲበደሩ በር ከፍቷል። በክልላችን የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ከሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ጋር የተያያዘ ብድር ቀደም ብሎ ሞክሯል። ለምርጥ ዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለመስኖ ፓምፕና ለእንስሳት ማድለቢያ ገንዘብ ለሚፈልግ አርሶ አደር ይህ መልካም ዜና ነው።

ለሚስት ግን ዜናው ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ራሷም መበደር ትችላለች፤ በተለይ እማወራዎች ከዚህ በፊት ዋስ አጥተው የተዘጋባቸው በር ሊከፈት ይችላል። በሌላ በኩል ባል ለሚበደረው ገንዘብ የሚያዘው የእሷም መሬት ነው። ብድሩ ካልተመለሰ መሬቱ ባይሸጥም የመጠቀም መብቱ ለተወሰነ ጊዜ ከቤተሰቡ እጅ ሊወጣ ይችላል። ይህ ማለት ለእናት የልጆቿ የእህል ጎተራ ባዶ የሚሆንባቸው ዓመታት ማለት ነው።

ስለዚህ የጋራ ይዞታ ለዋስትና ሲቀርብ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈተናው ፈቃዱ ምን ያህል ነፃ ነው የሚለው ላይ ነው። ማንበብ የማትችል ሴት ሰነዱ ሳይነበብላት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ ብታትም ሕጋዊ ውጤቱ ምን ይሆናል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው ምልክት የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው ሰነድ አረጋጋጭ ወይም ዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ነው ይላል። ይህ አንቀጽ ከስድሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ቢሆንም ለአዲሱ የመሬት ብድር ጠቃሚ ጋሻ ነው። አበዳሪው፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱና ሚስቲቱ ካላወቁት ግን ጋሻው ከግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል።

ሞፈር የማትይዝ ባለመሬት

በገጠር መሬቷን በስሟ ይዛ፣ ምርቱን ግን በሌላ ሰው በኩል የምታገኝ ሴት ብዙ ናት። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች እማወራ በሬ ወይም አራሽ ስለማይኖራት መሬቷን በእኩል ወይም በሲሶ ትሰጣለች። አራሹ በአብዛኛው የባሏ ወንድም፣ አጎቷ ወይም የቅርብ ጎረቤት ነው። ውሉ የቃል ነው።

ዘር የማን ነው? ማዳበሪያውን ማን ይገዛል? ገለባውስ ለማን ይሆናል? ሁሉም በአራሹ ፈቃድ ሲወሰን እሷ ባለመሬት ሆና ሳለ ጠያቂ ትሆናለች። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አራሹ «መሬቱ የእኔ ነው» ወይም «ገንዘብ ሰጥቻታለሁ» ብሎ ቢነሳ የቃል ውሉ አያድናትም። የ1997ቱ አዋጅ የመሬት ኪራይ ስምምነት በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸውን ሁሉ ፈቃድ ማግኘትና ሥልጣን ባለው አካል ጸድቆ መመዝገብ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። በእኩል ማረስን ግን ብዙ ሰው እንደ ኪራይ አይቆጥረውም፤ «ተጋግዞ መብላት ነው» ይላል። ከዘመድ ጋር ውል መጻፍም እንደ አለመታመን ይታያል።

ይህ ጉዳይ ከሕግ ባሻገር የምርታማነትም ጉዳይ ነው። አራሹ የራሱን ማሳ አስቀድሞ ሲዘራ የእሷ ማሳ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። በጊዜ ያልተዘራ ጤፍ ወይም በቆሎ ምን እንደሚሰጥ ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም። አነስተኛ የእርሻ ትራክተሮችን በኪራይ የሚያቀርቡ ማኅበራት እየተስፋፉ ሲሄዱ «ሴት ሞፈር አትይዝም» የሚለው ምክንያት ራሱ ይደክማል ተብሎ ይጠበቃል። የትራክተሩን ወረፋ የሚይዘው፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባልነት የተመዘገበውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አብሮ መመለስ አለበት።

ከተማ ሲጠጋ፣ መዝገብ ሲዘመን

በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች ዳርቻ ያሉ አርሶ አደሮች መሬታቸው ለልማት ሊፈለግ እንደሚችል ያውቃሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬቱ ለሚለቀቅ ባለይዞታ ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ማሳ ለትውልድ የሚቆይ ሀብት ነው፤ ካሳ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው። ማሳውን አንድ ሰው ተሸክሞ አይሄድም፤ ገንዘቡን ግን በአንድ ቀን ከባንክ ማውጣት ይቻላል። የጋራ የሆነ መሬት ካሳ በአንድ ሰው የባንክ ሒሳብ ሲገባ በደብተሩ ላይ የተገኘው እኩልነት በባንኩ መስኮት ላይ ይጠፋል።

የመዝገቡ መዘመንም እንዲሁ ተስፋና ስጋት ይዟል። በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ተለክቶ መረጃው በኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ እየገባ ነው። ይህ ድንበር የሚገፋን ጎረቤት ያስቆማል፤ ደብተር የጠፋባት ሴትም መረጃዋን ማግኘት እንድትችል ያግዛል። በጦርነትና በጸጥታ ችግር ቀያቸውን ለቀው ሰነዳቸው ለጠፋባቸው ቤተሰቦች ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሆኖም መዝገብ የሚጠቅመው ሲታደስ ነው። ሞት፣ ፍቺና ውርስ ለመሬት ጽሕፈት ቤት ካልተነገሩ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ስም የሟች ስም ሆኖ ይቀራል። በደብተሩ ላይ በቤት ስሟ የተመዘገበች፣ በመታወቂያዋ ላይ ደግሞ ሌላ ስም ያላት ሴትም «አንዲት ሴት መሆንሽን አስረጂ» ትባላለች። የፋይዳ መታወቂያ፣ የወሳኝ ኩነትና የመሬት መዝገቦች ሲናበቡ ይህ ችግር ይቀልላል፤ እስከዚያው ግን ስሟን ማስተካከል የሷ ሸክም ሆኖ ይቆያል።

ሕግና ሽምግልና

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች ሊዳኙ የሚችሉት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ጉዳይ ላይ ፈቃዷን ያልሰጠች ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንድትዳኝ መደረጉ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጻረር ወስኗል። ይህ ውሳኔ «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ክብደት ሰጥቶታል።

በመንደር ሽምግልና ግን ፈቃድን መለካት ይከብዳል። ሽማግሌዎች ፊት «አይሆንም» ማለት ለሴት ነውር የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሴት አትገኝም። ሽምግልና ርካሽ፣ ፈጣንና ለጎረቤትነት የሚበጅ ነው፤ ማስወገዱም አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው በሽምግልና የተደረሰበት የመሬት ስምምነት በጽሑፍ እንዲሰፍርና የሴቷ ድርሻ ከሕጉ በታች ካደረገ እንዳይመዘገብ ማድረግ ነው።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የመሬት ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት፣ በዚያ መሠረት የማስተዳደርን ለክልሎች ሰጥቷል። ክልሎች የመሬት ሕጋቸውን ከአዲሱ አዋጅ ጋር ማጣጣም ይጠበቅባቸዋል። ደንብና መመሪያ የሚወጣበት ይህ ጊዜ ከላይ የተነሱትን ክፍተቶች ለመሙላት ምቹ ነው፤ ካለፈ ለማሻሻል ሌላ አሥር ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ዛሬ ማድረግ የሚቻለው

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ግን አርሶ አደር ሴቶችም ሆኑ ቤተሰቦቻቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ጋብቻን ማስመዝገብ ነው። ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተፈጸመም ቢሆን በቀበሌ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ኋላ ከምስክር ፍለጋ ያድናል። ትዳር በሽማግሌ ከፈረሰም ስምምነቱን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ማጸደቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደብተሩን ገልጦ ማየት ነው። የሚስት ስም በትክክል ተጽፏል? ፎቶው የእሷ ነው? የጋራ የሆነው ማሳ የጋራ ተብሎ፣ የግል የሆነው የግል ተብሎ ሰፍሯል? ስህተት ካለ ማስተካከል የሚቀለው ሰላም ባለበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው የእኩልም ሆነ የኪራይ ውልን መጻፍና ማስመዝገብ ነው። ከዘመድ ጋር የሚጻፍ ውል ዘመድነትን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስም። ማንበብ የማትችል ሴት ከመፈረሟ በፊት ሰነዱ ጮክ ተብሎ ይነበብላት፤ ፊርማዋም ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይረጋገጥ።

አራተኛው የውርስ ጥያቄን አለማዘግየት ነው። መሬቱን ወንድም ቢያርሰው እንኳ እህት ወራሽነቷን በፍርድ ቤት አረጋግጣ በመዝገብ ብታስይዝ፣ ከዚያም በእኩል ብትሰጠው፣ ፍቅሩም መብቷም ይቀጥላል።

ጉዳይ የገጠማት ሴት ብቻዋን መቆም የለባትም። በወረዳ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ እንደ ባሕር ዳርና ጎንደር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ማግኘት ይቻላል። የግብርና ልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው ከሴቶች ጋር የሚገናኙ የቅርብ ባለሙያዎች ናቸው። ስለ መስመር ዘርና ስለ ኮምፖስት ሲያስተምሩ ስለ ደብተሩም አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉ ትርፉ ብዙ ነው። በመሬቱ ላይ እንደማትቆይ የምታስብ ሴት እርከን ለመሥራትም ዛፍ ለመትከልም አትነሳሳም። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የሚደርሰውን ፍሬ የምትተክለው የምትለቅመው እሷ መሆኗን ስታውቅ ነው።